የቀኙን ዝጊ

«እማ፣ አንቺ ብትሆኚ ሁለቱ ሲሊንደሮች ቢያያዙ ይሻልሻል ወይስ ለየብቻ ቢሆኑ?»

ልጄ ታምሲን ይህን የጠየቀችኝ ልብስ እያሰጣን ነበር። «እኔ ብሆን መጀመሪያውኑ ውሃው ውስጥ አልገባም» አልኳት። ሳቀች። እኔ ግን ከልቤ ነበር።

የምንኖርበት የማውንት ጋምቢየር መሬት ከሥሩ ባዶ ነው። ላሞች የሚግጡበት ሜዳ መሃል ድንገት ውሃ የሞላው ጉድጓድ ይገጥማችኋል። ጉድጓዱ ወደ ታች ወርዶ ወደ ጎን ይታጠፍና ዋሻ ይሆናል። ታምሲን የምትጠልቀው እዚያ ነው። ዋሻ ውስጥ አየር ቢያልቅ ቀና ብሎ መውጣት የለም፤ ከራስ በላይ ያለው ድንጋይ ነው። ስለዚህ ሁሉም ሁለት የአየር ሲሊንደር ይዞ ይገባል።

ይህን ያወቅሁት ከእሷው መጽሐፍ ነው። ማንበብ የተማርኩት እሷ ካደገች በኋላ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ቤተ መጻሕፍት በሚሰጠው ትምህርት ነው። መምህርቷ «ቤት ያለውን ነገር ሁሉ አንብቢ» አለችኝ፤ ቤት የነበረው የጠላቂዎች መማሪያ ነበር። ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ጮክ እያልኩ አነብላት ነበር። ስሳሳት ታርመኛለች፣ ያልገባኝን ትነግረኛለች።

ሲሊንደሮቹ ጀርባ ላይ ታስረው በአንድ ቧንቧ ከተያያዙ፣ አንደኛው መተንፈሻ ሲበላሽ የእሱን መዝጊያ ይዘጉታል፤ የሁለቱም አየር በሌላው መተንፈሻ ይመጣል። ትልቅ ነገር ነው። ግን መዝጊያው ከማጅራት ኋላ ነው። እጅ ካልደረሰበት የሁለቱም አየር አብሮ ይፈሳል። በግራና በቀኝ ብብት ሥር ለየብቻ ከታሰሩ ደግሞ አንዱ ሲበላሽ የእሱ አየር ይጠፋል፤ የሌላውን ግን የሚነካው የለም። መዝጊያውም ፊት ለፊት ይታያል። ችግሩ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው እየቀያየሩ መተንፈስ ያስፈልጋል፤ መርሳት አይቻልም።

ታምሲንና ጋርዝ የሚይዙት የተያያዘውን ነበር። ጋርዝ ጎሚስታ ነው፤ የበር ያህል ሰውነት ያለው፣ ለዓመታት አብሯት የጠለቀ ሰው። ጨለማ ውስጥ የአንዱ እጅ የሌላውን ዕቃ እንዲያገኝ ሁለቱም አንድ ዓይነት ይታጠቁ ነበር።

ያን ልብስ ያሰጣን ቀን አንሶላውን ስትሰቅል መቆንጠጫውን በግራ እጇ ብቻ ስትይዝ አየኋት። በምትሠራበት የወተት ላሞች እርባታ አንዲት ላም ከብረት አጥሩ ጋር አጣብቃ ቀኝ ትከሻዋን ጎድታት ነበር። ድኗል ብላኝ ነበር።

«እስቲ በቀኝሽ ማጅራትሽን ንኪ» አልኳት።

እንደ ምንም ነካችው። «ይኸው! ደስ አለሽ?»

«በቲሸርት ነው እኮ። ያንን ወፍራሙን የክረምት መጥለቂያ ልብስ ስትለብሺስ?»

እጇን አወረደች። የሞከረችው ሁሉ በቲሸርት ነበር፤ እጇ ሲደርስ ጊዜ በቃኝ ብላ ትታዋለች። ውሃው ውስጥ የምትገባው ግን ብርድ ልብስ የሚያህል ነገር ከሥር ደርባ ነው።

«እማ፣ ለጋርዝ ትንፍሽ እንዳትዪ። ናላርቦር የሚሄዱትን ሰዎች እየመረጡ ነው። ከሰማ በቃ፣ ሌላ ሰው ይዞ ይሄዳል።»

ናላርቦር የምኞቷ ዋሻ ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ስለሱ ስታወራ ነው የኖረችው። የሚጠልቁት እሑድ ነው። ብናገር ልጄን አስቀይማለሁ። ዝም ብልስ?

እሑድ ጠዋት ጉድጓዱ ዳር ሣሩ ውርጭ ለብሶ ነበር። ጋርዝ ፒክአፑ ላይ ተደግፎ የሥጋ ፓይ ይበላል።

«ኖሪን! ሻዩን ይዘሻል? ዛሬስ ጭንቀቱ እንዴት ነው? ቀለል ያለ ነው ወይስ እንደ ሁልጊዜው?»

«እንደ ሁልጊዜው» አልኩና ሻይ ከፔርሙሱ ቀዳሁለት።

«ተመስገን። አንቺ የተረጋጋሽ ቀን ነው እኔ የምፈራው።»

መጽሐፉን ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ጋርዝ አንድ ቀልድ አምጥቷል። ሁለቱም ከታጠቁ በኋላ የመዝጊያውን ፍተሻ የምጠራው እኔ ነኝ። «እሜቴ ይዘዙን» ይላል። ሰሞኑን ታምሲን «እኔ ቀድሜ ጨርሻለሁ» እያለች ትሸሽ ነበር። ያን ቀንም ቀድማ ታጥቃ እንዲሁ ብላ ጉድጓዱ ውስጥ ወደሚያወርደው መሰላል ዞረች።

«ታምሲን» አልኩ። «የቀኙን ዝጊ።»

ዞር ብላ አየችኝ። ያንን አስተያየት አልረሳውም። ቀኝ እጇን አነሣች፤ በግራዋ ሲሊንደሮቹን ከታች ወደ ላይ ገፋች። ልብሱ ሲጥ ሲጥ አለ። ጣቶቿ አየሩን ይዳብሳሉ እንጂ የሚይዙት ነገር የለም። ፊቷ ቀላ።

ጋርዝ ፓዩን አስቀመጠ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከላሟ ወዲህ።»

«ባለፈው እሑድ እስከ ጥግ ድረስ ገብተናል እኮ! የእኔ ቢበላሽ ያንቺን ነበር የምተነፍሰው፣ አንቺ ጅል!»

«አውቃለሁ።»

የሚጮህ መስሎኝ ነበር። ከኋላዋ ሄዶ ክብደቱን በሁለት እጁ ያዘላት፤ «ፍቺው፣ እኔ ይዤዋለሁ» አላት፤ ቀስ ብሎ ከትከሻዋ አወረደው። ያን ቀን ማንም ውሃ ውስጥ አልገባም።

ቤታችን በር ላይ ስንደርስ «አሳፈርሽኝ» አለች።

«አዎ። ነገም ቢሆን አሳፍርሻለሁ።»

ሐኪሙ ሕመሙ ይተዋታል፣ እጇ ግን እንደ ድሮው ወደ ኋላ አይሄድም አለ። አለቀሰች፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ። ከዚያ መጽሐፉን አምጥተን ወጥ ቤት ተቀመጥን።

«ሦስተኛ ሲሊንደር ብትጨምሪስ? ያቺን ትንሿን፣ መጠባበቂያዋን» አልኳት።

«ያቺ ከኩሬ ታወጣኛለች፣ እማ። ከዋሻው ጥግ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ትጥለኛለች።»

ገጹን ገለጥኩ። እያንዳንዷን ቃል በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩላት፤ አንድም ጊዜ አላረመችኝም። ከዚያ «ለየብቻ ይሁኑ» አልኳት። «እጅሽ የሚደርስበት ቦታ ይሁኑ።»

ክረምቱን በሙሉ እንደ አዲስ ተማረች፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ። ጋርዝ ጥልቀት በሌላቸው ጉድጓዶች አብሯት ይገባ ነበር፤ የራሱን ግን ከጀርባው አላወርድ አለ። «እኔ እንደ ሸርጣን በጎኔ አልሄድም» ይላል። «እንደ ኤሊ ተሸክመህ ሙት» ትለዋለች።

ፀደይ ላይ ከናላርቦር ወሬ መጣ። ዋሻው ወደ ውስጥ ሲገባ ጣሪያው ዝቅ ይላል፤ ጀርባው ላይ ሲሊንደር ያሰረ ሰው አያልፍም። ከጎን የሚታጠቁ ጠላቂዎች እየፈለጉ ነው። እሱ መግባት ባይችልም የታምሲንን ስም የሰጣቸው ጋርዝ ራሱ ነው።

እኔ በዚህ ሁሉ መሃል የጸለይኩት ውሃውን እንድትተውልኝ ነበር።

የሄደች ዕለት ዕቃዋ ከተጫነ በኋላ ሁለቱን ሲሊንደሮች አውርዳ ግቢው ውስጥ ታጠቀቻቸው፤ ያንን ወፍራም ልብስ ለብሳ፣ በዚያ ፀሐይ።

«በይ እማ፣ ጥሪው።»

«የቀኙን ዝጊ።»

እጇን ብብቷ ሥር አስገብታ ዘጋችው።

«የግራውን።»

ዘጋችው። ጋርዝ ጎንበስ ብሎ ሁለቱንም በጣቱ ፈተሸና በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

ታምሲን ሄደች። እኔና ጋርዝ ቀረን።