ነገ ጠዋት የተባለው ቺንጋ

በዚያ ዓመት በልጉ አልዘነበም። ክረምቱም ዘግይቶ ገባ፤ ገብሱ ፍሬ ሳይዝ ውርጭ መታው። ሰው መጀመሪያ በጉን ሸጠ፣ ቀጥሎ በሬውን። ተሳፋሪ ጠፋ። ከደብረ ብርሃን አንኮበር የሚመላለሱ ሾፌሮች ያለቀ ጎማና የተላላጠ የሞተር ቀበቶ፣ ቺንጋ፣ ይዘው ይነዱ ነበር። ይህ ከሆነ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ።

አለምነህ ዛሬም የለቅሶው ድንኳን ውስጥ መቀመጥ አልቻለም። ንፍሮ ሲሰጡት ይቀበላል፣ አግዳሚው ላይ ያስቀምጠዋል፣ ተነሥቶ ይወጣል። የሞተው ታመነ ነው። ሠላሳ ዓመት በአንድ መስመር አብረው ነድተዋል፣ መኪኖቻቸውም አንድ ዓይነት አሮጌ ሚኒባስ ናቸው። ቀብሩ ትውልድ አገሩ አንኮበር ተፈጸመ፤ ለቅሶው ደብረ ብርሃን፣ ቤቱ ደጃፍ ላይ ነው።

በሁለተኛው ቀን የእድሩ ዳኛ አቶ ጌታሰው በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ለሟች ያበደረ፣ ከሟችም የተበደረ ካለ ሠልስቱ ሳይወጣ ይናገር። ነፍሱን አታስጨንቁ።»

«ከታመነ ያልተበደረ ማን አለ?» አለ አንድ ሾፌር። «ክሪኩ እኔ ጋ ነው። መፍቻው ማን ጋ እንዳለ እግዜር ይወቀው።»

ሰዉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሳቀ።

«አንተስ አለምነህ?»

«ምንም የለብኝም።»

የታመነ ሚስት እናናየሁ ከነጠላዋ ቀና አለች። አየችው። መልሳ አቀረቀረች።

ወጣ። የታመነን መኪና ዞራት፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ዞራት።

በዚያ በክፉው ዓመት፣ በጥቅምት፣ አለምነህ ሚስቱን ምጥ ይዟት ከጎረቤላ ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል እየወሰዳት ነበር። ዳገቱ ላይ ቺንጋው ተበጠሰ። የውሃው ፓምፕ ቆመ፣ ሞተሩ ፈላ። ታመነ ባዶ መኪናውን ይዞ ከላይ ሲወርድ ደረሰ። ብዙ አልጠየቀም። የራሱን መኪና የፊት ወንበር አንሥቶ ከሥሩ ቺንጋውን ፈታና ለአለምነህ አሰረለት።

«የዲናሞው ፑሊ ከመስመር ወጥቷል» አለ ጎንበስ እንዳለ፣ ቺንጋው የሚዞርበትን ክብ ብረት እየነካ። «ቺንጋ የሚበላብህ እሱ ነው። ሲጮህ ሳሙና ትቀባዋለህ፣ አይደል?»

«እቀባዋለሁ።»

«አልቃሽን አፏን ብትይዛት ሐዘኑ ይቀራል?»

የአለምነህ ሚስት ከኋላ ወንበር አቃሰተች።

«ነገ ጠዋት አመጣልሃለሁ» አለ አለምነህ።

«ሂድ አሁን።»

ልጅቱ በሰላም ተወለደች። እናቲቱ ግን ደም ፈሰሳት፤ አለምነህ ከአልጋዋ ሥር አልተነሣም። በሦስተኛው ቀን አዲስ ቺንጋ ገዝቶ ከሱቅ ሲወጣ ታመነ ከእህል መኪና ላይ ሲወርድ አየው። ያነክሳል። አለምነህ አፈረ፣ ግድግዳ ተከልሎ አሳለፈው። ቺንጋውን ወንበሩ ሥር ከተተ። ነገ እሰጠዋለሁ አለ። ታመነ አልጠየቀውም፣ እሱም አላነሣውም። ነገው እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ አንድ ዓመት ሆነ።

ሠልስቱ እሁድ ዋለ። ፍትሐቱ ሳይጀመር አንኮበር መድረስ አለባቸው። እናናየሁ በባሏ መኪና ካልሆነ አልሄድም ስላለች፣ ሴት ልጃቸው ናዝራዊት በማለዳ ሞተሩን አስነሣች። የቺንጋው ጩኸት ድንኳኑን ሰንጥቆ ገባ።

«አጥፊው» አለ አለምነህ።

ወንበሩን አነሣ። ቺንጋው ጫፉ ተበልቶ ክሩ ወጥቷል።

«አባዬ ሊቀይረው ነበር፣ አመመው» አለች ናዝራዊት።

«ይሄ ጎረቤላ አያደርስሽም።»

መለዋወጫ ሱቅ ዝግ ነው። አለምነህ ወደ ራሱ መኪና ሄደ። ከወንበሩ ሥር በፌስታል የተጠቀለለውን አወጣና ጎንበስ ጎንበስ እያለ ተመለሰ። ቺንጋውን ለማጠፍ ሞከረ። እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጠቀ። ጎማ ተቀምጦም እንደሚያረጅ ሾፌር ሆኖ ያውቃል፤ ይሄኛውን ግን አንድም ቀን ፈትቶ አላየውም።

«ጋሼ፣ ይሄ የመቼ ነው?»

«የአባትሽ ነው። አሥራ አንድ ዓመቱ።»

እናናየሁ ከድንኳኑ ወጥታ ከኋላቸው ቆማለች። አለምነህ ዞረ።

«ትናንት ምንም የለብኝም ያልኩት ውሸት ነው።»

«አውቃለሁ። መኪናዬን አራግፈው ይወስዱብኛል ብሎ ሁለት ሌሊት እዚያ ብርድ ላይ ጠበቀህ። የቀኝ እግሩ ጣቶች ደንዝዘው ቀሩ።»

«ምን አለ?»

«ረስቶ ነው አለ። እኔ ግን ረስቶ ነው አላልኩም።»

አለምነህ ተመልሶ ሄደና የራሱን መኪና ወንበር አነሣ። ለፋሲካ ያሰረውን ቺንጋ ፈታ። ይዞ መጣና የታመነ መኪና ላይ ጎነበሰ። ፑሊዎቹ መስመር መግባታቸውን ሳያይ ቢያስረው ዳገቱ ላይ ይበላዋል።

«ክር ስጡኝ» አለ።

ናዝራዊት ኪሷን ዳበሰች። እናናየሁ ከነጠላዋ ጫፍ አንድ ክር መዘዘች፣ በጥርሷ ቆረጠች፣ እጁ ላይ አኖረችው።

ክሩን ከፑሊ ፑሊ ወጥሮ አየ። የዲናሞው በጥፍር ውፍረት ወጥቷል። ብሎኑን አላልቶ ከኋላው ስስ የብረት ቀለበት፣ ሮንዴላ፣ አስገባ፣ አጠበቀ፣ ደግሞ ወጠረ። ልክ ገባ። ቺንጋውን አሰረና በአውራ ጣቱ ተጫነው። የጣት ስፋት ያህል ረገበለት፤ ታመነ ሁልጊዜ የሚለው ልክ ይኸው ነበር።

ናዝራዊት አስነሣች። አልጮኸም።

«የእርስዎ መኪናስ ጋሼ?»

«ትቆማለች። እኔ እጠብቃታለሁ።»

ሴቶቹ ተሳፈሩ። እናናየሁ በመስኮቱ አየችው።

«ንፍሮህን ሳትበላ ነው ሦስት ቀን የሆነህ» አለች። «ግባና ብላ።»

መኪናዋ ድምፅ ሳታሰማ በጠባቡ መንገድ ወጣች። ከድንኳኑ አቶ ጌታሰው ጠሩት።

«እመጣለሁ» አለ።

በሯ በተከፈተው መኪናው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ጎንበስ ብሎ የቀኝ እግሩን ጫማ ፈታ፣ ካልሲውንም አወለቀ። ውርጩ ገና ያልለቀቀው ሣር ላይ እግሩን አሳረፈ። አላነሣውም።