«አንቺ ተነሺ»

የአክስቴ ልጅ አለንጋ ጣት ናት። ይኼን ቀድሜ የምነግራችሁ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከጣቷ ስለሆነ ነው።

የኔ ጣት አጭርና ወፍራም ነው፤ ጫፉ ደሞ ደረቅ። የቤዝ ጊታር ክር ወፍራም ስለሆነ ስትጫኑት መልሶ ይጫናችኋል። ቆዳው መጀመሪያ ይቆስላል፣ ከዚያ ይላጣል፣ በመጨረሻ እንደ ተረከዝ ይሆናል። ተረከዝ እስኪሆንልኝ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል። እሷ በሦስት ቀን ያለ ምንም ተረከዝ ቻለችው።

እኔ ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ደብተር አልያዝኩም። የምሠራው አጎቴ ፎቶ ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ። «ቀና በሉ፣ ጆሮ ይታይ፣ አይሳቅም» ስል ነው የምውለው፤ ሰዉም የምሩን አይስቅም፣ ከኔ ጋር የተጣላ ይመስላል። ለራሴ የማነሳው ግን ሌላ ነው። አጎቴ ምሳ ሲወጣ ካሜራውን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ በር ላይ እቆምና የሚያዛጋ ሰው እጠብቃለሁ። ሰው ሲያዛጋ አይዋሽም። እስካሁን ስልሳ ሁለት ማዛጋት አለኝ፣ አንዱ የትራፊክ ፖሊስ ነው።

ሱቁ ሲዘጋ አናጺው ጋ እሄዳለሁ። አናጺው በርና ቁም ሣጥን ይሠራል፤ ሥራው ሲያበቃ መጋዙን ያጠፋና እዚያው ሰጋቱራው መሐል ኪቦርዱን ይከፍታል። ይዘፍናልም። ጋሽ መጋዝ ነው የምንለው፤ ድምፁን ከሰማችሁ ለምን ብላችሁ አትጠይቁም። ድራም የሚመታው ዳቦ የሚያከፋፍለው ሹፌር ነው፣ መንገድ ላይም ድራም ላይም ያው ችኩል ነው። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ። ቤዙ ግን የኔ አይደለም፤ የጋሽ መጋዝ ነው። ይኼን ልብ በሉልኝ።

ትምህርት ሲዘጋ አክስቴ ልጇን እኛ ቤት ላከቻት። እናቴ «እህትሽ መጥታለች፣ አልጋሽን ልቀቂላት» አለችኝ። ለቀቅኩ። ፍራሽ መሬት አንጥፌ ተኛሁ። በማግስቱ «የቁም ሣጥኑን ግማሽ ልቀቂላት» ተባልኩ። ለቀቅኩ፤ ግማሹን ሳይሆን ከአራት ሦስት እጁን ሞላችው። ቀጥሎ «ብቻዋን ከምትቀመጥ ልምምድሽ ጋ ይዘሻት ሂጂ» ተባልኩ። ይዣት ሄድኩ። ጥፋቱ የኔ ነው።

የመጀመሪያ ቀን ሳንቃ ላይ ቁጭ ብላ አየችን። ሁለተኛ ቀን «እስኪ እኔም ልንካው?» አለች።

«ለቀቅ አድርጊላት» አለኝ ጋሽ መጋዝ።

ደሞ ለቀቅኩ። በሦስተኛው ቀን የመክፈቻ ዘፈናችንን ቤዝ ከጫፍ ጫፍ ተጫወተችው። ጋሽ መጋዝ እጁን ከኪቦርዱ አንስቶ ትክ ብሎ አያት። እኔን እንዲያ አይቶኝ አያውቅም፤ እኔን የሚያየኝ ስሳሳት ብቻ ነው።

«እጇ ልስልስ ነው» አለ ሹፌሩ። «ያንቺ እኮ በር የሚያንኳኳ ሰው ይመስላል።»

«አንተ ደግሞ በሩን የሚሰብረውን ትመስላለህ» አልኩት። ሁሉም ሳቁ፣ እሷም ሳቀች። ስትስቅ ጥርሷም ያምራል።

በዚያው ሳምንት የሰፈራችን አዲስ አዳራሽ እሁድ እንደሚመረቅና እኛ እንደምንጫወት ተነገረን። ሰው ፊት ስንጫወት የመጀመሪያችን ነው። ጋሽ መጋዝ ፖስተር ካልተሠራ ብሎ ተነሳ። «ፎቶውን አንቺ ታመቻቺያለሽ» አለኝ። «ደሞ እወቁት፣ ፖስተሩ ላይ ያለ ሰው ነው መድረክ የሚወጣው። በኋላ ሰው መቀየር የለም።»

ይኼን ሲል ወደኔ አየ፤ ከዚያ ወደሷ። ወደሷ ምን ሊያይ?

ሰኞ የአጎቴን ካሜራ ባለሦስት እግር መቆሚያው ላይ ተከልኩት። በራሱ ጊዜ ቆጥሮ የሚያነሳበት ነገሩ ከተበላሸ ቆይቷል፤ አንድ ሰው መጫን አለበት። መብራቱን አስተካከልኩ፣ ሰጋቱራውን ጠረግኩ፣ ቤዙን ታቅፌ ከግራ በኩል ያለችው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሹፌሩ ከጎኔ ነው፣ ጋሽ መጋዝ ከሱ ቀጥሎ። የአክስቴ ልጅ ከኋላዬ ቆማለች። ሽቶዋ ደርሶኛል። የኔ ሽቶ መሆኑንም አውቄዋለሁ።

ጋሽ መጋዝ ሰዓቱን አየና «በሉ፣ ደንበኛ ሊመጣብኝ ነው። አንቺ ተነሺ፣ እሷ ትይዘዋለች» አለ።

ተነሺ። እሷ ትይዘዋለች።

ምኑን ብዬ አልጠየቅኩም። ምን ይጠየቃል? አልጋውን ይዛለች፣ ቁም ሣጥኑን ይዛለች፣ ሽቶዬን ይዛለች። የቀረው ቤዙ ነበር። ብድግ አልኩና ቤዙን እጇ ላይ አስቀመጥኩላት።

«እኔ ነኝ እንዴ…» አለች።

«ያዢ ተብለሻል፣ ያዢ» አልኳት። ፊቴን አይታ ተቀመጠች። ጋሽ መጋዝ ትከሻውን ሰበቀ። ካሜራው ጋ ሄጄ አነሳኋቸው። «አይሳቅም» ማለቴ ትዝ ይለኛል፤ ከልማድ ነው። እነሱ ሳቁ።

ማታ እሷ ለእናቴ ሽንኩርት ስትልጥላት እኔ ፎቶ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ተጥጄ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ቆንጆ ወጥታለች። ተናድጄ ያነሳኋት እንኳ ቆንጆ ወጥታለች። ቆረጥኳት። ከግራ በኩል ገብቼ ፀጉሯን፣ ሳቋን፣ ጉልበቷን በሙሉ ከፎቶው አስወጣሁ። እጇን ግን አልቻልኩም። የቤዙ አንገት ሹፌሩ ደረት ድረስ ስለሚዘልቅ እጇን ላውጣ ብል ሹፌሩም አብሮ ይቆረጣል። እናም ፖስተሩ ላይ ከምንም ተነስቶ ቤዝ የሚጫወት አንድ አለንጋ እጅ ቀረ። ለማተሚያ ቤቱ ላክሁት፣ ለሁለት ቀንም ልምምድ ቀረሁ። ራሴን አሞኛል አልኩ። አንጀቴን ነበር ያመመኝ።

ሐሙስ ጋሽ መጋዝ አርባውን ፖስተር በብብቱ ይዞ ፎቶ ቤት ገባ። አንዱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። አጎቴም ብቅ ብሎ መነጽሩን አስተካከለ።

«ይቺ እጅ የማን ናት?» አለ ጋሽ መጋዝ።

«ያስያዝካት ሰው ናታ» አልኩ።

«ምን አስያዝኩ?»

«ቤዙን። አንቺ ተነሺ፣ እሷ ትይዘዋለች አላልክም?»

መጀመሪያ እኔን አየ። ከዚያ አጎቴን አየ። «ካሜራውን ነው እኮ ያልኩት። አንቺ ፎቶ ተነሺ፣ እሷ ካሜራውን ትይዘዋለች። ምነው ልጄ?»

አጎቴ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን መጥረግ ጀመረ። እያለቀሰ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ሳቅ ነው። «ቀኑን ሙሉ ማነው የሚነሳው፣ ተራ የማነው፣ ተነሺ፣ ተነሱ እያለች ነው እኮ የምትውለው» አለ። «እንጀራዋ በዚሁ ቃል ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?» አልኩት ጋሽ መጋዝን።

«መነሳት ያልፈለግሽ መሰለኝ። ካሜራ ሲዞርብሽ ድሮም ትሸሻለሽ።» ፖስተሩን ወደኔ ገፋ አደረገው። «የኔ ቤዝ ተጫዋች አንቺ ነሽ። የዚያች ልጅ እጅ ልስልስ ነው፣ እሺ። ግን አንድ ዘፈን ነው የምታውቀው። አንቺ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ቀርተሽ አታውቂም፣ ከዚህ ሳምንት በስተቀር። እሁድ የምትወጪው አንቺ ነሽ። ፖስተር ላይ የሌለ ሰው መድረክ አይወጣም ብያለሁ፣ ስለዚህ ፖስተሩ ላይ ግቢ። እንዴት እንደምትገቢ አንቺ ታውቂያለሽ።»

እንደገና ለማሳተም ጊዜ የለም። ያለኝ ነገር ጉርድ ፎቶ ነው። መታወቂያ ሳወጣ አጎቴ ያነሳኝ፤ ጆሮዬ ሁለቱም ወጥቶ፣ ሳልስቅ፣ የሰው ገንዘብ ሰርቄ የተያዝኩ መስዬ። አርባ አተምኩ። የአክስቴ ልጅ ሙጫ ይዛ መጣች፤ ማን ነገረሽ አልኳት፣ «ሹፌሩ እየዞረ ለሰፈሩ ሁሉ ነግሮ ጨርሷል» አለች።

ግድግዳ ለግድግዳ እየሄድን ፖስተሩን እንለጥፋለን፤ እሷ ሙጫ ትቀባለች፣ እኔ ጥጉ ላይ፣ ከእጇ በላይ፣ ጉርዴን እጫናለሁ።

«ቆርጠሽኛል አይደል?» አለች ሦስተኛው ግድግዳ ላይ።

«ቆርጬሻለሁ።»

«እንዴት ሆኜ ወጥቼ ነበር?»

ዋሽቼ «ዓይንሽን ጨፍነሽ» ልላት ነበር። «ቆንጆ» አልኩ። ጥርሴን ነክሼ ነው ያልኩት።

«ቤዙን የምወስድብሽ መስሎሽ ነው?»

«አልጋዬን ወስደሻላ።»

«አልጋሽ ይሻላል። ቤዝ ምን ያደርግልኛል፣ ማንም አይሰማውም» አለች። ሙጫውን ልደፋባት ምንም አልቀረኝም። ይልቅ ሳቅኩ፣ እሷም ሳቀች፤ እውነቱን ለመናገር የሷ ሳቅ አሁንም ከኔ ይበልጣል። ቀጥላ ረጅም ማዛጋት አዛጋች። ካሜራው አንገቴ ላይ ስለነበረ አነሳኋት። ስልሳ ሦስተኛ። ስታዛጋ እንኳ አታስጠላም፣ ምን ዓይነት ሰው ናት።

እሁድ ተጫወትኩ። ሁለት ቦታ ተሳሳትኩ፣ ጋሽ መጋዝ ሁለቱንም ጊዜ አየኝ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ወንበሬ ላይ ነበርኩ፤ ማንም ተነሺ አላለኝም።

ስንጨርስ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ እናቴን ይዛ መጣች። «ደስ አላችሁኝ» አለችኝ። «ፖስተሩንም በራችን ላይ አይቼዋለሁ። ፊትሽ ትንሽ ተቆጥቷል። ጣትሽ ግን፣ አለንጋ። አጠገባችን እየኖርሽ እንዲህ ዓይነት ጣት እንዳለሽ አላውቅም ነበር።»

የአክስቴ ልጅ ከእናቴ ኋላ ቆማ ከንፈሯን ነክሳ ትጠብቀኛለች።

እጄን ከቤዙ ጀርባ ሸሸግኩና «እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» አልኩ።