ትኩስ ጎማ

የጎሚስታው ታላቅ ወንድም መኪናውን ጎሚስታ ቤቱ ደጃፍ ሲያቆም ፀሐይዋ አናት ትበሳ ነበር። እናታቸው ሩቅ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ እያጣጣሩ ነው፤ ታናሹን አሳፍሮ በሕይወት ሊደርስባቸው ነው የመጣው። ሆኖም የጎማዎቹን ንፋስ ሳይለካ መንገድ አይጀምርምና መለኪያውን አንስቶ ለካ።

«ከልክ በላይ ሞልቷል፤ አስተንፍሰው» አለ።

ጎሚስታው እምቢ አለ። ትኩስ ጎማ አይነካም። ይህን ለደንበኛ ሁሉ ሳይሰለች ያስረዳል፦ ጎማ ውስጥ ያለው ንፋስ ዐይን የማያያቸው ቅንጣቶች መንጋ ነው፤ ያለ ዕረፍት ይሮጣሉ፣ ከጎማው ግድግዳ ይላተማሉ፣ ተመልሰው ደግሞ ይላተማሉ። አንዷ ብቻዋን ከቁጥር አትገባም፤ ያን ሁሉ ጭነት የሚሸከመው የሁሉም ምት ተደምሮ ነው። መንገድ ሲያሞቃቸው ሩጫቸው ይብሳል፣ መለኪያውም ከፍ ይላል፤ ቁጥራቸው ግን ያው ነው። በትኩሱ ያስተነፈሰ ሰው ትርፍ ያወጣ ይመስለዋል። ጎማው ሲበርድ ግን ጎድሎ ያድራል፤ የጎደለ ጎማ ጭነት ሲያርፍበት ይተጣጠፋል፣ ይግላል፣ ይፈነዳል።

ታላቁ ግን ማን ሊሰማ። ጎማው ሥር ቁጢጥ ብሎ የንፋስ ማስገቢያውን ክዳን መፍታት ጀመረ።

«አባባን ጎማ ፈንድቶ እንደ ገደለው ረሳኸው? በዋዜማው ማታ ከመንገድ እንደ ገባ አስተንፍሼለት ነበር፤ አነሰ እንጂ። ትንሽ ጨምሬ ባስወጣለት ኖሮ ዛሬ አብሮን ነበር።»

በየዓመቱ ይህንኑ ይላል። ጎሚስታውም በየዓመቱ ዝም ይላል። አባታቸውን የገደለውን ጎማ አገላብጦ ያየው እሱ ነው፤ ጎኑ ዙሪያውን ተፈጭቶ ነበር፣ ያም የንፋስ ማነስ ምልክት ነው። ሆድ ይፍጀው ብሎ ያዘው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእሱ ዝምታ ግን ውስጥ ውስጡን ነቅዞ ነበር። አሁንም ዝም ቢል ሁለተኛ ሬሳ ሊያነሣ ነው። ከተናገረም ወንድሙን በቁሙ መግደሉ ነው።

የወንድሙን እጅ ያዘ።

«ወንድም ጋሼ፣ ያስወጣኸው አላነሰም። በዛ። ጠዋት አባባ ሲወጣ ጎማው በርዶ ጎድሎ ነበር።»

ታላቁ ቀና ብሎ አየው። ክዳኑ መዳፉ ላይ ነበር።

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ታላቁ ክዳኑን ወደ ቦታው መለሰና ቀስ አድርጎ አጠበቀው። ከዚያ ኪሱን ዳብሶ የመኪናውን ቁልፍ ለታናሹ ሰጠው።

«አንተ ንዳ» አለ። «እኔ መንገዱ አይታየኝም።»