የእትዬ ሰዓደት ጭብጨባ

ሰው በየሙያው ይመካል፤ እኔ የምመካው በጆሮዬ ነበር። «ነበር» ያልኩት ደንቁሬ አይደለም። ጆሮዬ ደህና ነው፤ የተጎዳው መመካቱ ነው።

በተክለ ሃይማኖት በኩል ወደ መርካቶ ሲገቡ ካሉት ሱቆች በአንዷ የልብስ ቁልፍ፣ ዚፕና ክር እሸጣለሁ። እንጀራዬ ይኸው ነው። ልቤ ያለው ግን ስልኬ ውስጥ፣ «ቀጥታ ከመድረክ» የሚባል የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ነው። የኮንሰርት ቅጂ እንለዋወጣለን፤ ሮክ፣ ፎክ፣ ሶል፣ የአገር ቤትም የውጭም። ስቱዲዮ ገብቶ ተኳኩሎ የወጣ ዘፈን አንቀበልም። ዘፋኙ የሳለበት፣ ጊታሩ የከዳበት፣ ከሕዝቡ መሀል አንዱ «ዞር በል፣ ጋረድከኝ» ብሎ የተቆጣበት ቅጂ ነው ለእኛ ወርቁ። ግሩፑን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ሕጉን ያወጣሁትም እኔው። ቅጂ አይሸጥም። የት እንደተቀዳ ሳይነገር አይለጠፍም። ጭብጨባ መቁረጥ ፈጽሞ ክልክል ነው። ይህችን የመጨረሻዋን ያዙልኝ፤ ኋላ የምዋረደው በሷ ነው።

ሙዚቃ ያስተማረኝ ሰው የለም። እንግሊዝኛም ያስተማረኝ የለም፤ በዘፈንና በዘፈን መሀል ዘፋኞቹ ከሚናገሩት ነው የለቀምኩት። በዚህም የተነሳ አንድ ቱሪስት የቦርሳውን ዚፕ ሊያስቀይር ሱቄ ሲገባ፣ በጠራራ ፀሐይ «እንደምን አመሻችሁ! ጮክ በሉ፣ አልሰማኋችሁም!» ብዬ በእንግሊዝኛ ተቀብዬዋለሁ። ሰውየው ቦርሳውን አቅፎ ወጣ። የግሩፑ ልጆች ግን «ጋሼ ጆሮ» ይሉኛል። ቅጂ ልከውልኝ አዳራሹ ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ የቀዳው ሰው ከፊት ይቀመጥ ከኋላ፣ እነግራቸዋለሁ። ልክ መሆኔን የሚያጣራ ስለሌለ ተሳስቼ አላውቅም።

በጾም ግን ዘፈን አልሰማም። የነፍስ አባቴ «ልጄ፣ ሆድህ ብቻውን አይጹም» ካሉኝ ወዲህ ሁዳዴ ሲገባ ጆሮዬንም አብሬ አጾማለሁ። ግሩፑን «እስከ ፋሲካ በርቱ» ብዬ ስሰናበት፣ «ጋሼ ጆሮ ለጥገና ተዘጋ» ብለው ይሳለቃሉ።

ዘንድሮ ሁለቱ ጾሞች ተከታትለው መጡ። የእኛ ሁዳዴ ሰኞ ገባ፤ ረመዳን ደግሞ ረቡዕ ይገባል ተባለ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ ጀማለዲን ካሴት ይዞ መጣ። ጀማል ብርድ ልብስ በጅምላ ይሸጣል፤ የሚለየን አንድ ስስ ግድግዳ ነው።

«ዘውጌ፣ ይቺን ወደ ስልክ ገልብጥልኝ። ከእናታችን ሣጥን ተገኘች።»

«ምንድናት?»

«እታለም ናት። ያቺ የቀበሌው።»

እታለም የሚላት ታላቅ እህቱን እትዬ ሰዓደትን ነው። «ያቺ የቀበሌው» የሚለውን ታሪክ ደግሞ ከእኔ በላይ የሰማው የለም። በደርግ ጊዜ፣ በልጅነታቸው፣ እትዬ ሰዓደት የቀበሌው ኪነት ቡድን ውስጥ ነበሩ። አንድ ቀን በኤሌክትሪክ ጊታርና በድራም ታጅበው የስልጤ የሠርግ ዜማ ብቻቸውን ዘፈኑ። ዘፈኑ ሲያልቅ አዳራሹ ጸጥ አለ። ጸጥታው አሳፈራቸውና በጓሮ በር ሮጠው ወጡ። ከዚያ ወዲያ አፋቸውን ለዘፈን ከፍተው አያውቁም። ጀማል «ከወጣሽ በኋላ አጨበጨቡልሽ እኮ፣ ጣሪያው ሊነሳ ነበር» ይላል። እሳቸው «አንተ ወንድሜ ነህ፣ ምን ልትል ኖሯል» ይላሉ። በዚህ ክርክር ሁለቱም ሸበቱ።

«ነገ ትመጣለች» አለ ጀማል። «በረመዳን ለዑምራ መሄዷ ነው። ከዚያ ከተመለሰች ዘፈን የሚባል ላትሰማ ነይታለች፣ ቆርጣለች። ‹ረመዳን ሳይገባ ልስማውና ይውጣልኝ፤ አጨብጭበው ከሆነም አጨብጭበዋል፣ ንቀውኝ ከሆነም ንቀውኛል፤ ካዕባ ፊት ይቺን ይዤ አልቆምም› ብላለች።»

«ጀማል፣ እኔ እኮ ጾም ላይ ነኝ። ዘፈን አልሰማም።»

«ማን ስማ አለህ? የኔ ሚስት በረመዳን ሳትቀምስ ሾርባ ትሠራ የለም እንዴ? አንተም ሳትቀምስ ገልብጥ።»

ነገሩ አሳመነኝ። ቴፑን ከኮምፒውተሩ ጋር በሽቦ አያያዝኩና ድምፁን ጨርሼ ዘጋሁት። ኮምፒውተሩ ድምፅን በመስመር ይስላል፤ ዘፈን ሲሆን ተራራ ነው፣ ዝምታ ሲሆን ሜዳ። እኔና ጀማል ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ እንደ ሁለት መስማት የተሳናቸው ሰዎች፣ ድምፅ የሌለው ተራራ ስናይ ቆየን።

አንድ ነገር ግን አላማረኝም። ካሴቷ ላይ ያሉት የኪነት ቡድኑ ዘፈኖች ሁሉ መጨረሻቸው በቢላዋ የተቆረጠ ይመስላል።

«ይሄን ማነው የቀዳው?» አልኩት።

«እኔ ነኛ! በአጎቴ ቴፕ።»

«ጭብጨባው የታለ?»

«ዘፈን ሲያልቅ አቆመው ነበራ! ካሴት በነፃ ይታደላል እንዴ? የሰው እጅ ሲጋጭ ልቅዳ?»

ጀማል ዛሬም ያው ነው። ብርድ ልብስ የታሰረበትን ሲባጎ ቆርጦ አይጥልም፤ በጥርሱም ቢሆን ቋጠሮውን ፈትቶ ይጠቀልለዋል።

«በቃ፣ አለቀ» አልኩት። «እትዬ ሰዓደት የሚፈልጉት እሱን ነው፤ አንተ ያልቀዳኸውም እሱን ነው።»

ጀማል ካሴቷን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ።

«አንተ ጋ ጭብጨባ የለም?»

«የምን ጭብጨባ?»

«የትም የተጨበጨበ። ያን ሁሉ የፈረንጅ ኮንሰርት ለምን ሰበሰብከው? ትንሽ ቆንጥረህ ጣል አድርግላት።»

«ውሸት ነው እኮ።»

«ምኑ ነው ውሸቱ? አጨብጭበዋል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ያልያዘው ቴፑ ነው። የሰው ኮት ላይ ቁልፍ ቢጠፋ መሳዩን ፈልገህ አትሰጥም? ሥራህ አይደለም እንዴ?»

እኔም እንደ ጾመኛ አሰብኩበት። ማለትም ላደርገው የጓጓሁትን ነገር የሚፈቅድልኝ ምክንያት ፈለግሁ። አገኘሁም። ጭብጨባ ዘፈን አይደለም፤ ዜማ የለው፣ ግጥም የለው። ቤተ ክርስቲያንም እናጨበጭባለን። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ ጋሼ ጆሮ የሚባል ሰው ለቀበሌ አዳራሽ የሚስማማ ጭብጨባ መርጦ ሲያወጣ ራሱን ማየት አምሮት ነበር።

ጀማልን ሸኝቼ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ደፋሁ። የሮክ ጭብጨባ ስታዲየም ሙሉ ነው፤ አዳራሹን በጎርፍ ይወስደዋል። የፎክ ጭብጨባ ጨዋ ነው፤ ግን ከሥሩ ብርጭቆ ይጋጫል፣ በዚያን ዘመን ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ብርጭቆ ያነሳ የለም። በመጨረሻ አንድ የሶል ምሽት አገኘሁ፤ ቤቱ ጠባብ፣ ጭብጨባው ሞቅ ያለ፣ የዘመድ ዓይነት። ችግሩ ከጭብጨባው ቀጥሎ ዘፈን ይመጣል። ስለዚህ ጭብጨባው በረድ ማለት ሲጀምር ማዳመጫውን ንብ እንደነደፈው ሰው ከጆሮዬ ላይ መንጭቄ እጥላለሁ። የቀረውን በዓይኔ ለካሁት።

የእትዬ ሰዓደት ተራራ ካለቀ በኋላ ትንሽ ሜዳ ነበረች፤ ጫፏ ላይ እንደ እሾህ የቆመች ጭረት አለች። ሌሎቹ ዘፈኖች እንዲህ ያለ ጭራ የላቸውም። «የካሴት ቆሻሻ ነው» ብዬ ፈረድኩ። ልስማው ብል ደግሞ የዘፈኗ ጫፍ አብሮ ይመጣብኛል። ቆረጥኳትና በቦታዋ ጭብጨባውን ሰፋሁ። ስፌቱ እንኳን አያስታውቅም ብዬ በራሴ ተደሰትኩ።

ማክሰኞ እትዬ ሰዓደት መጡ። እህል በረንዳ ምስርና ሽንብራ የሚያከፋፍሉ ሴት ናቸው፤ ደላላ ሲያያቸው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ከምስር መሀል ጠጠር በእጃቸው ዳሰው ያወጣሉ ይባላል። ጀማል ሱቅ ውስጥ የብርድ ልብስ እስር ላይ ተቀመጡ፤ ጀማል ስልኩን ከፈተላቸው። እኔ ወጥቼ በር ላይ ቆምኩና ጆሮዬን በሁለት ጣቴ ደፈንኩ።

ቶላ የሚባለው ተሸካሚ ጆንያውን እንደተሸከመ ቆመ። አፉ ሲንቀሳቀስ አንዱን ጣቴን አላላሁ።

«ጋሼ ዘውገ፣ ጆሮዎን አመመዎት?»

«ጾም ነው» አልኩት።

«ጆሮም ይጾማል?» ብሎ እየሳቀ ሄደ።

በበሩ መስታወት አያቸዋለሁ። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ይመታል። ከዚያ ዓይናቸው ተገለጠ፤ ፊታቸው እንደ ልጅ ፊት በራ። «አበጀህ ዘውገ!» አልኩ ለራሴ። ወዲያው ግን ቅንድባቸው ተሰበሰበ። በጣታቸው ጠሩኝ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ጭብጨባው ነዋ፣ እትዬ ሰዓደት።»

«እሱንማ ሰማሁ። ይሄኛው!»

መልሰው ከፈቱት። ጭብጨባው ሞቀ፣ ደመቀ፣ በረድ አለ፤ ከዚያ አንድ ጎርናና ድምፅ «ዋን ሞር! ዋን ሞር፣ ቤቢ!» ብሎ ጮኸ። አስከትሎም ጊታር ድንግ አለ። ማዳመጫውን መንጭቄ ስጥል ያመለጠኝ ይኸው ነው።

«ይሄ ቤቢ የሚለው ሰውዬ» አሉ እትዬ ሰዓደት፣ «መታወቂያው የኛ ቀበሌ ነው?»

ጀማል ብርድ ልብስ ማጣጠፍ ጀመረ። «ያኔ እኮ የውጭ አማካሪዎች ነበሩ፣ እታለም… ሩሲያዎች…»

«ሩሲያ ነው ቤቢ የሚለኝ?»

እስኪስቁ ጠበቅሁ፤ አልሳቁም። «እንግዲያው አላጨበጨቡም» አሉ፤ ያ እህል በረንዳን የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ ዝቅ አለ። «ቢያጨበጭቡማ ፈረንጅ ባልተከራያችሁልኝ።»

መሬት ብትከፈት ዚፔን ይዤ እገባ ነበር። ሁሉንም ተናገርኩ፤ ድምፅ ዘግቼ መገልበጤን፣ ማዳመጫ መወርወሬን፣ ቆሻሻ ብዬ መቁረጤን።

«ሳይቀመስ የተሠራ ሾርባ ጨው ይበዛበታል» አሉ፣ ጀማልን እያዩ። «ካሴቷን አምጣ። ጠጠሯንም ገለባዋንም እንዳትለቅም፤ እንዳለች ልስማ።»

ቴፑን ከሱቄ አምጥቼ ድምፁን ከፈትኩና ተመልሼ በር ላይ ቆምኩ። ጣቶቼ የአቅማቸውን ያህል ሠሩ። ትንሽ ቆይቶ ጀማል ወጥቶ እጄን ይዞ ጎተተኝ።

«ግባ! ግባ!»

«ዘፈኑስ?»

«አልቋል! ግባ፣ አንተ ጆሮ ነኝ ባይ፣ ይሄን ስማ!»

ጭራዋን መልሰው አሰሙኝ። መጀመሪያ ዝምታ ነው። ግን የባዶ ቤት ዝምታ አይደለም፤ ሰው ጢም ብሎ ትንፋሹን የያዘበት ዝምታ ነው። አግዳሚ ወንበር ሲጢጥ አለ። ከቴፑ አጠገብ አንድ ሰው ይተነፍሳል፣ አፍንጫውን ይስባል። ከዚያ እንጨት ላይ የሚሮጥ እግር፤ ራቅ ብሎ በር ተዘጋ። ከዚያ አንድ ሰው አጨበጨበ፤ ተከትሎ እንደ በረዶ ከሁሉም አቅጣጫ ሊወርድ ሲል፣ ቀጭ። አለቀ።

እሾህ የመሰለችኝ ጭረት እሷ ነበረች። «ጭብጨባ መቁረጥ ፈጽሞ ክልክል ነው» ያልኩት ሰው፣ በዓለም ላይ አንድ ብቻ የነበረችውን ጭብጨባ ቆርጬ በቦታዋ ቤቢ ሰፍቻለሁ።

«ቀጭ ያደረገው ማነው?» አሉ እትዬ ሰዓደት።

«እኔ» አለ ጀማል። ፊቱ ተለዋውጧል። «እጄ ማቆሚያው ላይ ነበር። ረሳሁት። ሲያጨበጭቡ ነው ካሴቱ ትዝ ያለኝ።»

«የሚተነፍሰውስ?»

«እኔ ነኝ።»

«ታለቅስ ነበር?»

«ጉንፋን ይዞኝ ነበር።»

እትዬ ሰዓደት ወንድማቸውን ትክ ብለው አዩት። «አንተ ካሴት ረሳህ?» አሉ። «አንተ? ጀማል?» ከዚያ ሳቁ፤ ያን ሳቅ እህል በረንዳ ያሉትም ሳይሰሙት አልቀሩም። በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠራረጉ። «ሕዝቡን ተዉት፤ ደግ አድርጓል፣ አመስግኛለሁ። ጀማል ካሴት ካባከነልኝ ግን ሌላ ምስክር አልፈልግም።»

ሊሄዱ ሲነሱ ካሴቷን እጄ ላይ አስቀመጡ። «አንተ ብቻ ነህ ያልሰማኸው። ፋሲካ ሲደርስ ስማው፤ ያኔ እኔ አልሰማም፣ ስለኔም ስማልኝ።»

«ለግሩፑ ልላከው ይሆን?» አልኩ እየፈራሁ።

«ዘፈኑን ተው። ጭራዋን ላክ።»

ያቺኑ ላክሁ። «መርካቶ፣ የቀበሌ አዳራሽ። ያልተቆረጠ» ብዬ ጻፍኩ፤ «ያልተቆረጠ» የምትለዋን ሁለት ጊዜ አጥፍቼ መልሼ ጻፍኳት። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ሚኒባስ የሚነዳው ቶማስ ቀድሞ መለሰ፤ «ጋሼ ጆሮ፣ ባዶ ነው፤ ተሳፋሪዎቼ ቴፕህ ተቃጠለ አሉኝ።» «ሞተሩን አጥፋና ስማ» አልኩት። ቆይቶ «የሆነ ሰው አፍንጫውን ይስባል» ብሎ ጻፈ። «ጉንፋን ነው» አልኩት።

ካሴቷ አሁን ከጥቁር ቁልፎቹ ሥር መሳቢያ ውስጥ ናት። እትዬ ሰዓደት ሄደዋል። ረመዳንም ገብቷል። ጀማል ከግድግዳው ማዶ ብርድ ልብስ ሲያጣጥፍ እየረሳ አንድ ዜማ ማንጎራጎር ይጀምራል፤ ከዚያ ድንግጥ ብሎ «አስተግፊሩላህ!» ይላል፣ ዝም ይላል። እኔም ሲጀምር ጆሮዬን እደፍናለሁ። ጣቶቼ ግን ከቀን ቀን እየዘገዩብኝ ነው።