ለአንቺ ብቻ የተነገረ

ደራሲዋ ሁለተኛ ልጇን ከወለደች ወዲህ ብዕር ትታ ጡጦ ይዛለች። ሰው «መጽሐፉስ ከምን ደረሰ?» ሲላት እንዲህ እያለች ትቀልድ ነበር እንጂ ነገሩ ከቀልድ ያለፈ ነው። ከመውለዷ በፊት ያሳተመችውን መጽሐፍ ሰው ወዶላት ነበር። ሁለተኛው ግን ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ እንደተገተረ ትልቋ ልጇ ሚጣ ጥርስ አብቅላ፣ አሁን ደግሞ መንቀል ጀመረች። የባሏ እህት፣ ተረት ከአፏ የማይጠፋ የባንክ ሠራተኛ፣ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» አለች። ይህን የሰሙት አማቷ ማንም ሳይጠራቸው ሻንጣቸውን ይዘው መጡና «አንዱን ዛፍ እኔ እወጣላታለሁ» አሉ። ጉልበታቸውን ቁርጥማት የያዛቸው አሮጊት ዛፍ ሲወጡ አስቡት። ግን ወጡ።

አማቷ ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ ሲጋርደው የስፌት መኪናውን ነቅለው ለሴት ልጃቸው ሰጡ፤ ጠረጴዛውን ለምራታቸው አመጡላት። ዕቃ ቤት በነበረችው ጠባብ ክፍል፣ በአሮጌ ጫማና በቀለም ቆርቆሮ መካከል ቦታ ተገኘለት። ጠዋት ሚጣ ወደ ትምህርት ቤት፣ ባሏም ወደ ሥራው ከሄዱ በኋላ አሮጊቷ ትንሹን ማሙሽን ታቅፈው በሩን ይዘጉባታል። «ምሳ ሳይደርስ ዓይንሽን እንዳላየው» ይሏታል።

መጽሐፉም ከተገተረበት ተነቃነቀ። ደራሲዋ ግን በሩ ተዘግቶ ከምታገኘው ጊዜ ይልቅ በሩ ሲከፈት የምታገኘው ጨዋታ እንደሚበልጥባት ታውቃለች። እሷ ያደገችው በልቶ ከመተኛት በቀር ወሬ በማያውቅ ቤት ነው፤ ከራሷ ጓዳ የምታወጣው ብዙ የላትም። አማቷ ደግሞ ሽንኩርት እየላጡ ሲያወሩ ሰው የሚያለቅሰው ከሽንኩርቱ ይሁን ከሳቁ አይለይም። የሰርግ ቀሚሷን ሁለቴ አስጠብባ በሦስተኛው ለማስፋት የመጣችውን ሙሽራ፣ ልብስ ሰፊዋን ለማየት ሲል ሱሪው ጠበበኝ እያለ የሚመላለሰውን ጡረተኛ፣ ሁሉንም ከነአነጋገራቸው ያመጧቸዋል። ደራሲዋ እያዳመጠች ትከትፋለች፤ ከትፋም ትወስዳለች። እሳቸው ከዚህ ቤት ቢወጡ ጊዜውም ጨዋታውም አብሯቸው ይወጣል፤ መጽሐፉም ያበቃለታል።

አንድ ትምህርት በሌለበት ቀን ሚጣ የወለቀ ጥርሷን በመዳፏ ይዛ የዕቃ ቤቱን በር መደብደብ ጀመረች። ደራሲዋ የአንድ ዓረፍተ ነገር ጅራት ይዛ ልትጎትተው ስትል ነበር። ወጥታ ጮኸችባት። ልጅቷ ጥርሱን እዚያው ጥላ ሮጠች፤ ዓረፍተ ነገሩም አብሯት ሮጠ። ደራሲዋ ወጥ ቤት ገብታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እናትም አልሆንኩ፣ ደራሲም አልሆንኩ፣ መሀል ሜዳ ላይ ቀረሁ አለች።

አማቷ ቢላዋውን አስቀመጡ። ከዚያ ያለወትሮአቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ነገር አወሯት። ባሏ ገና ጨቅላ ሳለ ነው። ሌላ ከተማ ያለች ስመ ጥር ልብስ ሰፊ አብረሽኝ ሥሪ ብላ ላከችባቸው፤ ልጅ የያዘች ግን አትፈልግም። አንድ ቀን ልጁን አስተኝተው፣ በሩን ቆልፈው ወጡ። ለመመለስ አልነበረም። አውቶቡስ መናኸሪያ ትኬታቸውን ጨብጠው ተቀመጡ። ጡታቸው ግን አልሰማቸውም፤ ወተቱ በቀሚሳቸው አልፎ ጉልበታቸው ላይ ተንጠባጠበ። አውቶቡሱ ሲጠራ ተነሡ፤ እግራቸው ወደ ቤት ወሰዳቸው። ሲደርሱ ልጁ ከልቅሶ ብዛት ድምፁ ተዘግቶ አፉ ብቻ ይከፈታል። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠርቶ አያውቅም። ዛሬ ኤሌክትሪሻን የሆነውን ያን ልጅ የሥራ ጓደኞቹ «ጎርናናው» ይሉታል፤ በስልክ ሲሰሙት «አባባ» የሚሉትም አሉ። ቤተሰቡ ሁሉ የሚያውቀው በልጅነቱ ብርድ እንደመታው ነው።

«ለአባቱ አልነገርኩም፤ ለራሱም አልነገርኩም» አሉ። «ለአንቺ ብቻ ነው። እናት ሁሉ ከመላእክት ወገን ሆና አንቺ ብቻ የጎደልሽ እንዳይመስልሽ ብዬ ነው።»

ደራሲዋ እጃቸውን ሳመች። እውነትም ሸክሟ ቀለላት። ያን ቀን ከሚጣ ጋር ወለሉን እየዳሰሱ ጥርሱን ፈልገው አገኙት።

ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ታሪኩ ሆዷ ገብቶ አላስቀምጥ አላት። አልጽፈውም ብላ ማለች፤ መሐላው ሳምንት አልቆየም። ስትጽፈው ለመሸፋፈን ያልለፋችው ልፋት የለም፤ ይህን ልንመሰክርላት ይገባል። አውቶቡሱን ባቡር፣ ልብስ ሰፊዋን አስተማሪ፣ ወንዱን ሕፃን ሴት አደረገች። ድምፁን ግን መለወጥ አቃታት። ልጅቷን በጎርናና ድምፅ ፈንታ አንካሳ ብታደርጋት ታሪኩ ሞተ፤ ግንባሯ ላይ ጠባሳ ብታወጣባት አሁንም ሞተ። ድምፁን ስትመልስለት ነፍስ ዘራ። ድምፁ ጎርናና የሆነ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ አይደለም ብላ ራሷን አጽናናች። ደራሲ መቼም ሰበብ አያጣም።

አንድ ስሙ የተጠራ መጽሔት ታሪኩን አወጣው። ባሏ ከደስታው የተነሣ መጽሔቱን ለሥራ ጓደኞቹ እየዞረ አደለ። ራሱ ግን አላነበበውም፤ ማንበብ እምብዛም አይሆንለትም፣ ለእናቴ ሳነብላቸው አብሬ እሰማዋለሁ ብሎ አቆይቶት ነበር። ደራሲዋ ተወው፣ ይሰለቻቸዋል ብላ ብትለምነው ትሕትና መሰለው። እሑድ ከሰዓት እሷ ማሙሽን ስታጥብ፣ እሱ ሳሎን ከእናቱ አጠገብ ተቀምጦ ገለጠው።

ጎርናና ድምፁ እስከ መታጠቢያ ቤቱ ድረስ ተሰማት። እጇ በሙሉ ሳሙና ነው፤ ልጁ ያሟልጫል፤ ውሃ ውስጥ ጥላው መሮጥ አትችልም። ከዚያው ሆና ተጣራች። «ቆይ እንጂ፣ ልብ የሚሰቅል ቦታ ላይ ደርሻለሁ» አላት። ልጁን ከነአረፋው በፎጣ ጠቅልላ ስትደርስ ባሏ ባቡር ጣቢያውን አልፏል፤ በሩም ተከፍቷል፤ ልጅቷም አልቅሳ አልቅሳ ዝም ብላለች። «ከዚያን ቀን ወዲህ ድምፅዋ ጎርናና ሆኖ ቀረ» የሚለውን ሲያነብ መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ሚስቴ በእኔ ቀለደች ብሎ። ከዚያ ቀና ብሎ እናቱን አየ። አሮጊቷ ሞራ የጋረደው ዓይናቸው እንባ ሞልቶ፣ ፊታቸውን ወደ ምራታቸው አዙረዋል። ፈገግታው ከፊቱ ላይ ጠፋ።

«ጨርሰው» አሉት እናቱ።

ጨረሰው። እስከ መጨረሻዋ ቃል አነበበና መጽሔቱን ከደነ።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ?»

«አንተ ነህ።»

ተነሥቶ የመሣሪያ ሳጥኑን ይዞ ወጣ። በእሑድ ማን መብራት እንደሚያስጠግነው የጠየቀው የለም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ ሰውየው በገዛ ጉሮሮው ስላለው ነገር ከሁሉ በኋላ ሰማ፤ ያውም በገዛ ድምፁ እያነበበ።

በማግሥቱ አሮጊቷ ልጆቹን ስመው፣ ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ሴት ልጃቸው ቤት ሄዱ። አልተቆጡም፣ አልረገሙም። ባሏም አልተቆጣም። ቢቆጣ ትለምነው፣ ታለቅስበት ነበር፤ እሱ ግን የውሃ ክፍያና የሚጣን ጫማ ነገር ብቻ ያነሣል። ደራሲዋ ማሙሽን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ልትጽፍ ሞከረች፤ ልጁ ወረቀቱን በላው። የመጽሔቱ አዘጋጅ ደውሎ አንባቢ እንዴት እንደወደደላት ነገራት። «በተለይ ያ ጎርናና ድምፅ» አላት፤ «ከየት አመጣሽው?» ልጁ እያለቀሰ ነው ብላ ስልኩን ዘጋችው። ማሙሽ ተኝቶ ነበር።

ሲብስባት ሁለቱን ልጆች ይዛ ይቅርታ ልትጠይቅ ሄደች። የባሏ እህት በሩን ከፈተችና ወደ ውስጥ ዞራ «ወሬያችሁን ደብቁ፣ ነገ ታትሞ እንዳታገኙት» አለች። ቀልድ ነው ለማለት ያህል ሳቀች፤ የሳቀላት ግን አልነበረም። የእናቷን እጅ የያዘችው ሚጣ አንዴ አክስቷን፣ አንዴ እናቷን ቀና ብላ አየች።

አሮጊቷ መስኮት ሥር ተቀምጠው ነበር። ደራሲዋ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል በክንዷ ያዟት።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አሉ። «በዚህ ዕድሜዬ ቂም ይዤ እንቅልፍ አይወስደኝም። ግን ልጄ፣ ያን ነገር ለልጄ መንገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ደህና ቀን ስፈልግለት ኖሬያለሁ። አንቺ ቀደምሽኝ።»

«ሁሉንም ለውጬው ነበር፣ እማማ። ማንም እንዳያውቀው አድርጌ ነበር።»

«አዎ፣ አሳምረሽ ሰፍተሽዋል። እኔ ስፌት አውቃለሁ።» እጃቸውን ከእጇ ላይ አነሡ። «ሲያነብልኝ ለዚያች ሴትዮ አለቀስኩላት። አይ ምስኪን፣ ማን ይሆን እንዲህ ያደረጋት አልኩ። እኔ መሆኗን ሳላውቅ። ያቃጠለኝ እሱ ነው።»

አሮጊቷ ለልጆቹ ስል እመለሳለሁ አሉ፤ ቃላቸውንም ጠብቀው ተመለሱ።

ጠዋቱም ተመለሰ። ማሙሽን እንደ ድሮው ታቅፈው በሩን ይዘጉባታል፤ አንድም ቀን አላጓደሉባትም። ምሳ ሰዓት ስትወጣ ግን ሽንኩርቱ ተልጦ፣ ተከትፎ፣ ምድጃ ላይ ነው። እንዴት ዋሉ ስትላቸው ደህና ይላሉ። ስለዚያች ሙሽራ ብትጠይቃቸው ረስቼዋለሁ ይላሉ። እናትና ልጅ ታርቀዋል፤ ማታ ማታ ጎን ለጎን ተቀምጠው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ ትሰማለች፤ ምናልባት አርባ ዓመት ሙሉ ያላወሩትን። ገብታ ልትቀመጥ ስትል ወሬው ይቋረጣል። ሲጎረብጣት ጊዜ መግባቱን ተወችው። ጠረጴዛዋ ላይ የምታወጣው ቃል ሁሉ ደረቅ ሆነባት። የተመኘችውን ሰዓት አግኝታ፣ በሰዓቱ ውስጥ የሚገባ ነገር አጣች።

እንዲህ ሆና በከረመችበት አንድ ቀን ብቻ ቃላት እሺ አሏት። ምሳ አልፎ ከሰዓት ሆኖም አልወጣችም። አንድ ገጽ ሞልታ ወደ ሁለተኛው ስትሻገር ሚጣ ከትምህርት ቤት ገባች፤ ልቅሶዋ በግድግዳው አልፎ ተሰማ። ደራሲዋ ዓረፍተ ነገሩን እግሩን ሰብራ ጥላው ወጣች። ይህን ከዚህ በፊት አድርጋው አታውቅም።

ልጅቷ ወጥ ቤት አያቷ ጉያ ውስጥ ናት። የደንብ ልብሷ ኮሌታ ተቀዷል፤ አንገቷ ላይ የጥፍር ጭረት አለ። ለአሮጊቷ ጆሮ የሆነ ነገር እያንሾካሾከች ነበር፤ እናቷን ስታይ ዝም አለች። አሮጊቷ ቀስ ብለው ወደ እናቷ ገፋ አደረጓት። «ንገሪያት፣ እናትሽ ናት» አሏት። በዚህ አይታሙም።

ደራሲዋ ተንበርክካ ምን እንደሆነች፣ ማን እንደነካት ጠየቀቻት። ሚጣ ምንም አለች። ደግማ ጠየቀቻት። ልጅቷ የተቀደደ ኮሌታዋን በመዳፏ ሸፈነች።

«ትጽፊዋለሽ» አለች።

ደራሲዋ ክው አለች። አልጽፈውም አለቻት። ይህንንም ሌላውንም፣ ስለ ማንም ስለ ምንም፣ ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ቃል አልጽፍም ብላ ማለችላት። ደግሞም የምሯን ነበር፤ በዚያች ሰዓት ልጇ አንድ ነገር ብትነግራት መጽሐፉን፣ ጠረጴዛውን፣ ስሟንም ጭምር በደስታ ትሰጥ ነበር። ሚጣ የእናቷን ፊት ትልቅ ሰው እንደሚያይ አድርጋ አየችው።

«የምትጽፊው ካልሆነ» አለች፣ «ታዲያ ለምን ትጠይቂኛለሽ?»

ለነገር ብላ አልነበረም። ከልቧ ማወቅ ፈልጋ ነው።