ስም ጠሪው

አቶ ይሄይስ በሕይወታቸው አንድ ሰው ብቻ ነው የጠሉት፤ እሱንም በአካል አግኝተውት አያውቁም ነበር። ወንዳወቅ ይባላል። የዛሬ አሥራ ስድስት ዓመት ገደማ፣ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በሚታይ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ነጭ ጋዋን ለብሶ፣ ዶክተር ሆኖ ይተውን ነበር። ያኔ የቡሬ ሴት ኮረዳዋም ባልቴቷም ስለ እሱ ታወራለች። ፎቶው በፀጉር ቤቱ መስታወት፣ በተማሪው ደብተር ሽፋን፣ በባጃጁ ጀርባ ላይ ተለጥፏል። አቶ ይሄይስ በዚያን ጊዜ እዚያው ቡሬ የመሬት ጽሕፈት ቤት መዝገብ ያዥ ነበሩ፤ የተከበሩ፣ ጺማቸውን በየማለዳው የሚላጩ ሰው። እንዲህ ያለ ሰው በሣጥን ውስጥ በሚንቀሳቀስ ምስል ይቀናል ቢባል ማንም አያምንም። ግን ቀኑ። አልቀኑም የሚል ካለ እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚሆኑትን አላየም ማለት ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ባለቤታቸው የያዙትን ሁሉ ጥለው ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። ወጥ ቢያር፣ ጎረቤት ቢጣራ አይሰሙም። አቶ ይሄይስ ደግሞ ጀርባቸውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥተው ደጃፍ ላይ ጋዜጣ ይዘረጋሉ፤ አንዱን ገጽ ይዘው ሰዓቱ ያልቃል። አንድ እሑድ ዶክተሩ ሚስቱን መናኸሪያ ድረስ ተከትሎ “ሰብሊ! ሰብሊ!” እያለ ሲጣራ ነገሩ በረታባቸው። ብድግ አሉና ማብሪያ ማጥፊያውን ቀጭ አደረጉት።

“ቆጣሪው ጨረሰን እኮ” አሉ።

ባለቤታቸው ቀና ብለው አዩዋቸውና ወደ ጓዳ ገቡ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ እህል ውኃው ሳይጓደል፣ ልብሱ ታጥቦ ተተኩሶ እየቀረበ፣ አንዲት ቃል ግን ሳይተነፍሱ ሰነበቱ።

ጊዜው ሄደ። ድራማው አለቀ፤ ልጁም ከስክሪኑ ጠፋ፤ ሌሎች ቆንጆዎች ተተኩ። አቶ ይሄይስ ጡረታ ወጡና አንዲት ልጃቸው አደይ ወደምታስተምርበት ወደ ፍኖተ ሰላም ተዛወሩ። የሰፈሩ ሰው የእድሩ ሊቀመንበር አደረጋቸው። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው የእድሩን መተዳደሪያ ደንብ ከአንድ እስከ አርባ ሁለት አንቀጽ አድርገው፣ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፋቸው እንደገና ጻፉት። በዚያው ዓመት ባለቤታቸው ግማሽ አካላቸው ተያዘና አልጋ ላይ ዋሉ። አንደበታቸውና አንድ እጃቸው ብቻ ተረፉ። ሦስት ዓመት እንዲሁ ተኙ።

ባለፈው ዓመት መስከረም ጠባ እንዳለ፣ ሞት ሲኖር በማለዳ እየዞሩ የሚለፍፉት የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ትንፋሽ አጠራቸው። ሥራው ክፍት ሆነ። አንድ ሰው ብቻ አመለከተ፤ ያም ሰው ወንዳወቅ ነበር።

ኮሚቴው ፊት ሲቀርብ መጀመሪያ ያወቀው የለም። ፀጉሩ ሳስቷል፤ ፊቱ በመድኃኒት አብጧል፤ ሲራመድ ግድግዳ ይደግፋል። ስሙን ሲናገር አንዱ የኮሚቴ አባል ሳቁን በሳል አስመስሎ ዋጠው። ወንዳወቅ ግን አልተቀየመም።

“አዲስ አበባን ጠግቤ አይደለም የመጣሁ” አለ። “ታምሜ ነው። እህቴ ቤት ነው ያለሁት። ድምፄ ግን አልታመመም።”

አቶ ይሄይስ ደማቸው ፈላ። “እድር ቲያትር ቤት አይደለም!” አሉ። ቢሆንም በድምፅ ብልጫ ተሸነፉ። ሲሸነፉ ጊዜ ወደሚያውቁት ወደ ደንቡ ዞሩ፤ ጥሩንባ ነፊው ሊቀመንበሩ ጽፎ የሰጠውን ያነባል፤ አንዲት ቃል አይጨምርም፤ አንዲት ቃል አይቀንስም።

“እሺ፣ ጋሼ” አለ ወንዳወቅ።

በሳምንቱ አንዲት እናት አረፉ። አቶ ይሄይስ እንደ አገሩ ወግ “የአቶ እገሌ ባለቤት ስላረፉ ሥርዓተ ቀብራቸው በስድስት ሰዓት በጊዮርጊስ ይፈጸማል” ብለው ጻፉ። ሴት በባሏ ነው የምትለፈፈው፤ እናታቸውም፣ የእናታቸው እናትም እንደዚሁ ነው የተቀበሩት። ወንዳወቅ ወረቀቱን ተቀብሎ ወጣ። ጥሩንባውን አንዴ ነፋና ድምፅ ማጉያውን ወደ አፉ አስጠጋ። “የአቶ እገሌ ባለቤት…” ብሎ ዝም አለ። ለአቶ ይሄይስ ትንፋሽ የሚሰበስብ መስሏቸው ነበር፤ ዝምታው ግን ረዘመ። ሰው ከአጥሩ ውስጥ ጆሮውን ሰጥቶ ስም ይጠብቃል። ስም አልመጣም። ወንዳወቅ የቀረውን አንብቦ ወደሚቀጥለው ማዕዘን ሄደ። በዚያን ዕለት ቀብር ላይ ሰዉ እርስ በርሱ “ስማቸው ማን ነበር?” ሲባባል ዋለ። አቶ ይሄይስ በንዴት ደንቡን ገለጡ። ዝምታን የሚከለክል አንቀጽ አልነበረም።

እቤት ሲመለሱ ባለቤታቸው ዓይናቸው በርቶ ጠበቋቸው።

“ያ ድምፅ የእሱ ነው አይደል?” አሉ። “የዶክተሩ?”

“የማንስ ቢሆን ምን ያደርግልሻል?”

“እኔ እኮ መልኩን ብዬ አልነበረም የማየው። አንቱ ግን መልኩን መስሎዎት ስንት ዓመት ተብሰለሰሉ።” በደህናው እጃቸው ጋቢውን ሰብሰብ አደረጉ። “ሚስቱን በስሟ ይጠራታል። በሰው ፊት፣ በመናኸሪያ መሀል፣ ‘ሰብሊ’ ይላታል። እኔ እዚህ ቤት አርባ ሁለት ዓመት ኖርኩ። ስሚ ተባልኩ፤ አንቺ ተባልኩ፤ የአደይ እናት ተባልኩ። ባንቺአየሁ እባላለሁ። ረስተውት እንዳይሆን።”

አቶ ይሄይስ አልረሱትም። እንዴት ይረሳሉ? ሚስትን በስም መጥራት ግን ድፍረት ነው ተብለው ነው ያደጉት። አባታቸው እናታቸውን በስም ጠርተዋቸው አያውቁም፤ አክብሮት ነበር። እሳቸውም አክብረው ነው የኖሩት። ይህን ሊያስረዱ አፋቸውን ሲከፍቱ ባለቤታቸው ቀደሙ።

“አንድ ነገር ልለምንዎ። እሱን ይጥሩልኝና አንድ ጊዜ ባንቺአየሁ ይበለኝ። ከሞትኩ በኋላ አይደለም፤ ያኔ ምን ይሠራልኛል? ነፍሴ ሳትወጣ ልስማው።”

“ሌላ ወንድ አልጋሽ ድረስ መጥቶ ስምሽን ሊጠራ? ነውር አይደለም?”

“እንግዲያው አንቱ ይጥሩኝ።”

ቀላል ነገር ነው፤ ከአንድ ቃል አይበልጥም። አቶ ይሄይስ ከንፈራቸውን አላቀቁ። በመዝገብ ቤት ዘመናቸው የስንት ሺህ ሰው ስም ጽፈዋል፤ ጮክ ብለው አንብበዋል። ይኸኛው ግን ጉሮሯቸው ላይ ደርሶ ቀረ። ፊታቸው ቀላ፤ እንደ ሙሽራ አፈሩ። “ከብቶቹ ውኃ አልጠጡም” ብለው ወጡ። ከብት ከሸጡ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አቶ ይሄይስ ነገረ ሥራቸው ተለወጠ። ሞት በተለፈፈ ቁጥር ከቤት ወጥተው አጥሩ ሥር ይቆማሉ። ወንዳወቅ የወንድ ሟች ስም ሲጠራ እንዴት እንደሚያነሣው፣ የት ላይ እንደሚያሳርፈው ያዳምጣሉ። ሲያልፍ ትንሽ ራቅ ብለው ይከተሉታል። ሰፈሩ “ሊቀመንበሩ ሰውየውን እየተቆጣጠሩት ነው” ብሎ አማቸው። እውነቱ ሌላ ነበር፤ ያ ድምፅ ሲጠራው የማንም ሰው ስም ይከብራል። ያን ሁሉ ዘመን ጀርባቸውን ሰጥተው ሳይሰሙት መቅረታቸው ቆጫቸው። ላህ ወንዝ ዳር ብቻቸውን ወርደው ሞከሩ። “ባን…” ይላሉ፤ እረኛ ያያቸው ይመስላቸውና ይተዉታል።

በመጨረሻ አንድ ረቡዕ ትዕቢታቸውን ዋጥ አድርገው ወንዳወቅ እህት ቤት ሄዱ። ሰውየው ፀሐይ ላይ ተቀምጦ መድኃኒቱን ሊውጥ ነበር። ሊነሣ ሲል በእጃቸው መለሱት።

“አንድ ነገር ልጠይቅህ” አሉ። “ያኔ በቴሌቪዥን… ያን ሁሉ ሰው እያየህ የሴትዮዋን ስም ስትጠራ አታፍርም ነበር?”

ወንዳወቅ ፈገግ አለ። “ሰብሊ የእኔ አልነበረችማ፣ ጋሼ። ወረቀት ላይ የተጻፈውን ነው ያነበብኩት። የራሴዋን እንደዚያ ጠርቻት አላውቅም።”

አቶ ይሄይስ አጠገቡ ተቀመጡ። ከዚያ ጉዳያቸውን ተናገሩ፤ የባለቤታቸውን ልመና፣ የእሳቸውን አፍ አልፈታ ማለት፣ ሁሉንም። ለማንም ያልተነፈሱትን ለጠሉት ሰው ነገሩት። ወንዳወቅ አልሳቀም።

“እሑድ እመጣለሁ” አለ። “ጋዋን ባይኖረኝም ኮቴን እለብሳለሁ።”

አቶ ይሄይስ ቀልሏቸው ተመለሱ። ለባለቤታቸው ነገሯቸው፤ ባለቤታቸውም አደይን ጠርተው ፀጉራቸውን እንድትሠራቸው፣ ነጩን ቀሚስ እንድታወጣ አዘዙ። ሐሙስ ማታ ራት ሲበሉ አቶ ይሄይስ ስሙ ምላሳቸው ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር። ሊሉትም ይችሉ ነበር። እሑድ የሚጠራቸው ሰው አለ ብለው ተዉት።

አርብ ጎህ ሲቀድ አደይ ጮኸች።

ጎረቤት ሲሰበሰብ አቶ ይሄይስ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጠው ወረቀት ጎትተው ጻፉ። እጃቸው ለአርባ ዓመት እንደለመደው በራሱ ሄደ። ወንዳወቅ መጣ። ጥሩንባውን ደጅ አስቀምጦ፣ እግዜር ያጥናዎት ብሎ፣ ወረቀቱን ተቀበለና አነበበ። “የእድራችን ሊቀመንበር የአቶ ይሄይስ ባለቤት ስላረፉ” ይላል።

“እንደተጻፈው ነው የማነበው፣ ጋሼ?” አለ ቀስ ብሎ።

አቶ ይሄይስ መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ወረቀቱን ከእጁ ነጠቁት። የራሳቸውን ስም በብዕር ሁለት ጊዜ ሰረዙት፤ ከላዩ ላይ “ወይዘሮ ባንቺአየሁ እንዳለው” ብለው ጻፉ። ያ የሚያምር ጽሑፋቸው እንደ ጀማሪ ተማሪ ጽሑፍ ሆነ።

ወንዳወቅ ከግቢው በር ጀመረ። ጥሩንባውን ነፍቶ፣ “ወይዘሮ ባንቺአየሁ እንዳለው!” አለ። ያን ድምፅ ሰፈሩ ሁሉ ሰማው። አቶ ይሄይስ ከቤት ተከትለውት ወጡ። ሐዘንተኛ ከቤት አይወጣም፤ ሽማግሌዎች እጃቸውን ይዘው ሊመልሷቸው ሞከሩ፤ አልተመለሱም። በገበያው አፋፍ፣ በወፍጮ ቤቱ ጥግ፣ በቡሬ መንገድ መታጠፊያ እግር በእግር ተከተሉት። በየማዕዘኑ ለፈፋው ሲያበቃ ጠጋ ይሉና፣

“ወንዴ፣ አንዴ ድገማት” ይሉታል።

ይደግመዋል። ሰው ከበሩ ላይ ቆሞ ያያቸዋል። ሊቀመንበሩ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ድምፁን ሲጠጡት ያያል። አንዲት ሴት ከንፈሯን መጠጠች። አቶ ይሄይስ ግን ማንንም አላዩም። ይህ ድምፅ እሑድ ሊመጣ ነበር። አልጋው አጠገብ ቆሞ ሊጠራ ነበር። እሷም በዚያ በደህናው እጇ ጋቢውን ሰብሰብ አድርጋ ልትሰማው ነበር። ሐሙስ ማታ፣ ስሙ ምላሳቸው ላይ ሳለ፣ ራታቸውን ነው የዋጡት። ይህን እያሰቡ በመንገዱ መሀል እንደ ልጅ አለቀሱ።

ዞረው ግቢው በር ላይ ሲመለሱ የወንዳወቅ ድምፅ ተዘግቶ ነበር። በሽታውም፣ ድግግሞሹም ጨርሰውታል።

“ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ” አለ በሹክሹክታ። “ከዚህ በላይ አይወጣልኝም።”

አቶ ይሄይስ እጃቸውን ዘረጉ። ድምፅ ማጉያውን ተቀበሉትና አዩት፤ ከዚያ መልሰው ሰጡት። በሩን ከፈቱ። ግቢው በሰው ተሞልቷል፤ ከቤት ውስጥ የሴቶች ለቅሶ ይሰማል። በረንዳው ሥር ቆመው ፊታቸውን ወደ መኝታ ቤቱ መስኮት አዞሩ። አርባ ሁለት ዓመት ያልታዘዘው ጉሮሯቸው ተከፈተ።

“ባንቺአየሁ!” አሉ።

አረፈች አላሉም፤ ቀብሯም በስድስት ሰዓት ነው አላሉም። ከማሳ የሚመለስ ሰው ደጅ ሆኖ ሚስቱን እንደሚጣራ ጠሩ። ለቅሶው ጸጥ አለ። አቶ ይሄይስ ጆሯቸውን ወደ መስኮቱ አዘንብለው “አቤት” የሚል ጠበቁ። ወንዳወቅ ከኋላቸው መጥቶ ትከሻቸውን እስኪይዛቸው ድረስ እዚያው ቆመው ጠበቁ።