ሳይጣሉ እርቅ

ባሌ ደሳለ እሑድ ጠዋት ከጎረቤት ወንበር ሲያመላልስ ሳየው መጠርጠር ነበረብኝ። ምን ሊሆን ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ሰው ይመጣ ይሆናል ብሎ ፊቱን አዞረ። ወንበሮቹን በግድግዳው ዙሪያ ደረደረና ጫማውን አጥልቆ ውልቅ አለ። እኔ በማግስቱ ጋሸና ላይ አዲስ ሥራ ስለምጀምር ሐሳቤ ሁሉ ሻንጣዬ ላይ ነበር።

ከሃያ ዓመት በላይ የሕሙማን አልጋ አጠገብ የቆምኩ ነርስ ነኝ። ላሊበላ መጥታችሁ ሲስተር አስቻለች ብትሉ ወደ ቤቴ የሚመራችሁ አታጡም፤ ግማሹን ከተማ መርፌ ወግቼዋለሁ፣ የቀረውን አዋልጄዋለሁ። ጋሸና ላይ የነርሶች ማሠልጠኛ ሲከፈት አስተማሪ ለመሆን ተወዳደርኩና አለፍኩ። ዲግሪዬንም በየክረምቱ እየተመላለስኩ የያዝኩት ለዚሁ ነበር።

ወሬው ከተሰማ ጀምሮ የከተማው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ማን አስቀየማት? በእኛ አገር ሰው ከያዘው ሥራ የሚነሣው ሲሞት፣ ሲባረር ወይም ሲያኮርፍ ነው። አልሞትኩም፣ አልተባረርኩም። እንግዲህ አኩርፌያለሁ ማለት ነው። ለኩርፊያ ደግሞ መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ሽማግሌ ይላካል።

ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ፊት ፊት የንስሐ አባቴ ቄስ ሀብተ ሥላሴ፣ ቀጥለው መቋሚያቸውን የተደገፉት መሪጌታ ተክለ ሚካኤል፣ ከዚያ የእድራችን ዳኛ አቶ አረጋ። ከኋላቸው ጋቢ ተከናንቦ፣ አንገቱን ደፍቶ የገባው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የሆስፒታሉ ኃላፊ ዶክተር በእውቀቱ! ልጅ እግር ነው፤ ጋቢው የውሰት መሆኑን አለባበሱ ያሳብቅበታል።

ተቀመጡ አልኳቸው። አልተቀመጡም። ወግ ነው፤ ለልመና የመጣ ሽማግሌ እሺ እስኪባል ቆሞ ይጠብቃል፤ ከተቀመጠ ጉዳዩ አለቀ ማለት ነው። ስንቷ ልጃገረድ ሽማግሌ ቆሞ እንዳይደክም ተብሎ ተድራለች። የደሳለ ወንበሮች ባዶአቸውን ተደርድረዋል፣ አራት ወንድ ቤቴ መሐል ቆሞ ያየኛል። ደሳለን በሆዴ ረገምኩት።

ቄስ ሀብተ ሥላሴ ጸሎት አደረሱ። ስለ ይቅርታ ትልቅነት ጥቂት ተናግረው ዶክተሩን ወደ ፊት ገፋ አደረጉት። እሱም እንደተመከረው ጎንበስ አለና እጁን ወደ ጉልበቴ ዘረጋ።

«ሲስተር፣ ላስቀየምኩዎት ነገር ሁሉ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«በምን አስቀየምከኝ?» አልኩት።

ቀና ብሎ ቄሱን አየ። ቄሱ አቶ አረጋን አዩ። አቶ አረጋ ጣራውን አዩ። እዚህ ላይ የመከረው ሰው አልነበረም።

ደሜ ፈላ። ይህ ልጅ ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። ይቅርታውን ከተቀበልኩ ግን ታርቀናል፤ ከታረቅን ደግሞ ምን ሆኜ እሄዳለሁ? ባልተበደልኩት በደል ሊያስሩኝ ነው። ክንዱን ይዤ አቃናሁትና፣ የበደልከኝ ነገር ስለሌለ ይቅር የምልህም ነገር የለም አልኩት።

«አበስኩ ገበርኩ» አሉ ቄሱ።

አቶ አረጋ ነገሩን ሊያለዝቡት ሞከሩ። ወገቧን እኮ ነው የሚያማት፣ ሕመምተኛ ስታነሣና ስታስተኛ የኖረች ሴት ምን ወገብ ይተርፋታል፣ ቀለል ያለ ቦታ ይፈለግላት አሉ። ዶክተሩ አፍታም ሳይቆይ ካርድ ክፍል አዛውራታለሁ ብሎ ቃል ገባ። ደህና መውጫ ሰጥተውኝ ነበር፤ ወገቤ እንደሆነ ያመኛል፣ ማታ ማታ ጫማዬን የሚያወልቅልኝ ደሳለ ነው። ግን በወገቤ ላሳብብ አልፈለግሁም። ያመኛል፣ የምሄደው ግን ስላመመኝ አይደለም አልኳቸው።

«እና በምን ምክንያት ነው ልጄ?» አሉ ቄሱ።

«ስለፈለግሁ ነው።»

ባሏ መታት፣ አለቃዋ ሰደባት ቢባሉ ይገባቸዋል። ሴት ስለፈለግሁ ነው ስትል የሚሰሙበት ጆሮ የላቸውም። አቶ አረጋ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው ብለው አጉረመረሙ። ቄስ ሀብተ ሥላሴ ደግሞ ፊታቸውን አጠቆሩና ሕሙማንን ጥሎ መሄድ ኃጢአት መሆኑን ነገሩኝ። እምቢ ብለሽ ከሄድሽ ለንስሐሽ ሌላ አባት ፈልጊ አሉኝ።

ይህኛው አመመኝ። ልጆቼን ያጠመቁልኝ፣ እናቴን ፈትተው የቀበሩልኝ አባት ናቸው። እንባዬ መጣ፤ በእልህ ዋጥኩትና ለማንም ያላወራሁትን ነገርኳቸው።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ተቅማጥ ያደረቀውን ሕፃን አዝላ ከሙጃ መጣች። ተረኛዋ ነርስ ከትምህርት ቤት በቅርቡ የወጣች ልጅ ነበረች። መጽሐፉን ብትጠይቋት አንድ ቃል አትስትም። ግሉኮስ ልትሰጠው የሕፃኑን ደም ሥር ብትፈልግ ብትፈልግ አጣችው። እጇን ይዞ፣ ዓይንሽን ተዪውና በጣትሽ ፈልጊ ያላት አስተማሪ አልነበራትም። እኔ ዕረፍት ላይ ነበርኩ። ተጠርቼ እየሮጥኩ ስደርስ እናቲቱ ልጇን በነጠላዋ ሸፍናዋለች፣ ልጅቱ መርፌዋን እንደያዘች ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። እናቲቱን ማጽናናት አቃተኝ። ልጅቱን መቆጣትም አቃተኝ፤ ያላስተማሯትን ከየት ታምጣ?

«ያለኝ ሁለት እጅ ነው» አልኳቸው። «እዚህ ብቆይ የሚድነው በእኔ ተራ ቀን የታመመ ብቻ ነው። እጄን ለሌሎች ላወርስ ነው የምሄደው። ኃጢአት ነው ካሉኝ አባቴ፣ ኃጢአቴን ይዤ እሄዳለሁ።»

ወደ መሪጌታ ተክለ ሚካኤል ዞርኩ። የእሳቸውን ታሪክ ላስታ ሁሉ ያውቀዋል። በገና በዓል ማኅሌት ድምፃቸውን ለመስማት ስንቱ ሌሊት ተነሥቶ በእግሩ ይመጣ ነበር። ድምፃቸው ሳይሰበር፣ ጉልበታቸው ሳይደክም፣ አንድ ቀን መሪነቱን ለሌላ ለቀቁና ከቤታቸው አጥር ሥር ተማሪ ሰብስበው ዜማ ማስተማር ጀመሩ። ዛሬ በየደብሩ የሚያዜመው የእሳቸው ተማሪ ነው።

«መሪጌታ፣ አንቱ ማኅሌቱን የተዉ ጊዜ ማን አስቀይሞዎት ነበር?»

አቶ አረጋ ድፍረቴ ገርሟቸው ከንፈራቸውን መጠጡ። መሪጌታ መሬት መሬት እያዩ፣ ለራሳቸው የሚያወሩ ይመስል፣ ያን ጊዜ እሳቸውንም ሰው እንዳማቸው፣ ከአለቃው ተጣልቶ ነው እንደተባሉ ተናገሩ። እሳቸው ግን ከማንም አልተጣሉም ነበር፤ ለማንም ቢነግሩት የሚያምን አላገኙም። ይህን ብለው መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ፣ አንዱን ወንበር ሳቡና ተቀመጡ።

ቄስ ሀብተ ሥላሴ ደነገጡ። «መሪጌታ፣ እሺ አላለችንም እኮ።»

«ይቀመጡ አባ» አሉ መሪጌታ። «የተጣላ ሰው የለም።»

አቶ አረጋ ወዲያው ተቀመጡ፤ እግራቸው ደክሞ ምክንያት ሲጠብቁ የቆዩ ይመስላሉ። ቄሱ ግን ብዙ አመነቱ። በመጨረሻ ከወንበሩ ጫፍ ላይ አረፍ አሉ፤ ፊታቸው አልተፈታም፣ ስለ ንስሐው ያሉትንም አልሻሩልኝም። ሻሩልኝም አልሻሩልኝም መሄዴ ነው።

ዶክተር በእውቀቱ ብቻውን ቆሞ ቀረ። ጋቢውን ከትከሻው አወረደና በክንዱ ያዘው፤ አሁን ገና የማውቀውን ልጅ መሰለ።

«እሺ ሲስተር፣ ነገ ተራዎትን ማን ይግባ?» አለኝ።

ሽማግሌውም፣ ይቅርታውም፣ የውሰት ጋቢውም ለዚህች ጥያቄ ነበር። መጀመሪያውኑ እንዲህ ብሎ ቢጠይቀኝ ኖሮ ማንም ባልደከመ።

«እኔ አይደለሁም» አልኩት።